ቅጣቱ በማን ስም ይጻፍ

ጥቅምት 3

ለውድ ጋሼ፣

ይህ ወረቀት ባሕሩን ተሻግሮ ሲደርስ ጤናህን ከነፈገግታው ያግኘው። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ እኔም ደህና ነኝ። የሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አሁንም በእኔ እጅ ነው። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ውስጥ ነጭ አንሶላ ሳጥፍ እውልና ስወጣ ዓለሙ ሁሉ ታጥቦ የተሰጣ ይመስለኛል።

ስልክ ብደውል ይቀል ነበር። ግን ታውቀናለህ፤ በስልክ አንተም "ደህና ነኝ"፣ እኔም "ደህና ነኝ" ብለን እንዘጋዋለን። ወረቀት ላይ ሰው ራሱን ትንሽ ይረሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያንተና የእኔ አባት አብረው ያቆሙት የጓሮው ግንብ አዘንብሏል። ግንበኛው መጥቶ አየውና ግንቡ ሳይናድ መኪናህ ከሥሩ ትነሣ አለኝ። ከሄድክ ወዲህ ሸራዋን ገልጬ አላውቅም ነበር። ስገልጣት እንደተውካት ናት፤ ከሁለት የሞቱ መኪኖች ገጥመህ የሠራሃት፣ ፊቷ የሰማይ፣ ኋላዋ የወተት ቀለም። የጎረቤት ድመት የኋላ ወንበሯ ላይ ወልዳለች። ልጆቿን ላስነሣ ብል በዓይኗ ገላመጠችኝ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላልና ያለ ፈቃድህ ጣቴን አላሳርፍባትም። ሞተሯን ላስነሣ? ከግንቡ ላርቃት ያህል ነው። መንጃ ፈቃዴ እንደሆነ አልሞተም፤ የሆስፒታሉን የልብስ ማመላለሻ መኪና አልፎ አልፎ እነዳለሁ።

የአጎትህ ልጅ፣
ኤሊ


ኅዳር 1

ለኤሊዬ፣

ደብዳቤሽ ሲገባ የዚህ ቤት መስኮት ሁሉ የተከፈተ መሰለኝ። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናው፤ የምታጥፊው አንሶላ ሁሉ ድኖ ለሚወጣ ሰው ይሁን።

አስነሺያት። ባትሪዋ ሞቶ ይሆናል፤ ለመካኒኩ ንገሪው። ቁልፉን ስታዞሪ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ታስላለች፣ ቀጥሎ ታኮርፋለች፣ ከዚያ ይቅር ትልሻለች። ድመቷን ግን አታስቸግሪያት፤ ልጆቿ እግር እስኪያወጡ ግንቡም ይታገሥ።

እስክመጣ ድረስ አውሼሻለሁ። ከሰፈር ግን አትውጪ። ለመሄድ ስጣደፍ ታርጋ አላወጣሁላትም፣ በስሜም አላስመዘገብኳትም። በመንግሥት መዝገብ ገና አልተወለደችም። ስም የሌለው ነገር መንገድ ላይ ሲሄድ ሰው "የማን ነህ?" ማለቱ አይቀርም።

እኔ አውቶቡስ መንዳቱን ትቻለሁ። እዚያው ድርጅት የጠፉ ዕቃዎች ክፍል አስገብተውኛል። አውቶቡስ ውስጥ የተረሳ ሁሉ ወደኔ ይመጣል፤ ጃንጥላ፣ ጓንት፣ አንድ እግር ጫማ። ባለፈው አንዲት ሴትዮ የጠፋ ጃንጥላዋን ፍለጋ መጣች። ቀለሙን ስጠይቃት ጥቁር ነው አለች፤ እዚህ ያለው ጃንጥላ ሁሉ ደግሞ ጥቁር ነው። ሲከፈት ምን ድምፅ እንደሚያወጣ ግን ታውቅ ነበር። አንድ በአንድ እየከፈትኩ አሰማኋትና አገኘነው። ክፍሉ በሙሉ የተከፈተ ጃንጥላ ሆኖ፣ እኔና እሷ ከሥሩ ተቀመጥን፤ ዝናብ እንኳ አልነበረም።

ሥራው ጸጥታ አለው፤ አይከፋም። ስታስነሺያት በፊት መስታወቷ ምን እንደሚታይ ጻፊልኝ።

ጋሼ


ኅዳር 29

ለውድ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ እንደ ጠዋት ጭጋግ ቀስ ብሎ ይግባ።

ለምን ከመሪ ተነሣህ? አንተ እኮ እንቅልፍህንም መሪ ይዘህ የምትተኛ ሰው ነህ። በደብዳቤህ አንዲት መስመር ብቻ ሰጥተኸው አለፍክ።

ድመቷ ልጆቿን ይዛ ወደ ማገዶው ቤት ስትሄድ መካኒኩን ጠራሁት። እንዳልከው አሳለች፣ አኮረፈች፣ ይቅርም አለች። ከግንቡ አራቅኳት። ግንበኛውም ሥራውን ጀመረ። ነገሩ እዚያ ሊያበቃ ይችል ነበር።

ግን አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ስወጣ ጭጋጉ እስከ ደጃፋችን መጥቶ ቆሟል። እስከ ጥጉ ድረስ ልሂድና ልመለስ ብዬ ገባሁባት። ጥጉ ሲደርስ አልታየኝም፤ እንዳለፍኩት ገበያው ጋ ስደርስ ነው የገባኝ። ከዚያ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ሆነና ሐይቁ ዳር ካለው መንገድ ወጣሁ። በመስታወቷ ምን ይታያል ላልከኝ፣ ምንም። ነጭ ብቻ። አንዳንዴ የዛፍ ጫፍ ከጭጋጉ ብቅ ይልና "አለሁ" ብሎ ይጠፋል። ውሃው የት እንደሚያልቅ መንገዱ የት እንደሚጀምር አይለይም። መሪውን ይዤ ሳይሆን እጄን ተይዤ የምሄድ ይመስለኝ ነበር።

ትራፊኳ ስታስቆመኝ ከሕልም የቀሰቀሰችኝ ያህል ነው። ወጣት ናት። ፈጠንኩ እንዴ ብዬ ጠየቅኳት።

"እናቴ፣ ከኋላዎ ይመልከቱ" አለችኝ።

ዞር ብል የጭነት መኪናው፣ ታክሲው፣ ብስክሌቱ ሳይቀር ተሰልፏል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚሉት እርስዎን ሳያዩ ነው ብላ፣ መንገድ በመዝጋት ከሰሰችኝ። ሰው በፍጥነት ይከሰሳል፤ እኔ በዝግታ። ቀጥላ ታርጋ ፈለገች። ገና ነው አልኳት። የማን ናት አለች። የአጎቴ ልጅ አውሶኝ ነው አልኳት። ወደ ሰማዩ ሄዳ አየች፤ ወደ ወተቱ ሄዳ አየች።

"የፊቱን ነው ወይስ የኋላውን ያዋሰዎት?"

ከዚያ ሁለተኛውን ክስ ጻፈች። ሁለቱንም አልጋዬ ሥር አስቀምጫቸዋለሁ። አትቆጣኝ።

ኤሊ


ታኅሣሥ 24

ለኤሊዬ፣

በሳቅ የተነሣ ጎረቤቴ ግድግዳውን መታ። ልጅ ሆነን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ኋላ ስለምትቀሪ ያወጣሁልሽ ስም ይኸው በሕግ ጸደቀ። ፈጣሪ እንዳሳቅሽኝ ያስቅሽ።

አሁን ቁም ነገሩን ስሚኝ። የዝግታው ክስ ያንቺ ነው፤ ኩሪበት። የታርጋው ግን የእኔ ነው። ሳላስመዘግብ የሠራኋት እኔ፣ ሳላስመዘግብ ያዋስኩሽም እኔ። ፍርድ ቤት ሄደሽ "ባለቤቱ እሱ ነው፤ ጥፋቱም የሱ ነው" በያቸው። የሰው ጥፋት አትሸከሚ። መኪናዋንም ከጓሮ አታውጪያት፤ ይህን አደራ ብዬሻለሁ።

ጭጋጉን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ሐይቁን አልፈሽ ድልድዩ ጋ ብትደርሺ ኖሮ በስተቀኝ በኩል ግንዳቸው ነጭ የሆነ ዛፎች ነበሩ። አገር ቤት ሳለሁ አውቶቡስ እየነዳሁ ሳልፍ ተሳፋሪው ሁሉ ወደነሱ ይዞር ነበር፤ እኔ ግን መንገዱን ስለማይ አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርጌ አላየኋቸውም። አሉ ይሆን? ቅርፊታቸው እንዴት እንደሚመስል፣ ቅጠላቸው ሲወዛወዝ ምን ዓይነት ብርሃን እንደሚሰጥ ብትነግሪኝ። በእግርሽ ሄደሽ ማለቴ ነው።

ከመሪ ስለ መነሣቴ፣ ሰው ወንበር ይለውጣል። ሌላ ነገር የለውም።

ጋሼ


ጥር 21

ለውድ ጋሼ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ለልጅህም፣ በክፍልህ ላሉት ጃንጥላዎችም።

ድልድዩ ጋ በእግር እንደማይደረስ አንተም ታውቃለህ። ስለዚህ ሄድኩ። በጓሮ በር ወጥቼ፣ እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ ተላከ ሰው። ዛፎቹ አሉ። ቅርፊታቸው እንደ አሮጌ ደብዳቤ እየተላጠ፣ ከሥሩ ሌላ ነጭ አለ፤ ነጩ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፣ አንዱ እንደ አመድ፣ አንዱ እንደ ጥርስ። ቅጠሉ ሲወዛወዝ ብርሃኑ መሬት ላይ አይረጋም፤ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሳንቲም ይንቀጠቀጣል። ደህና አድርጌ ልይልህ ብዬ ድልድዩ መሃል ላይ ቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁት፤ ድምፁ ዕይታዬን እየጋረደው ነበር። ምን ያህል እንደቆየሁ እኔንጃ።

ያችው ትራፊክ መጣች። በዚህ ጊዜ አልቀለደችም። ድልድይ ላይ መቆም ክልክል ነው ብላ ጻፈች፤ ታርጋውንም እንደገና ጻፈች። ጎታች መኪናም ጠራች። ከነጮቹ ዛፎች ሥር ቆሜ መኪናህ በገመድ ስትሄድ አየሁ። ወደ ኋላ እየተጎተተች ስለነበር ፊቷ ወደኔ ነበር።

ትራፊኳ ግን ክፉ ሰው አይደለችም። ወደ ከተማ ስትመልሰኝ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። መንገድ ላይ ለሚሠራው ጥፋት፣ ለዝግታውም ለመቆሙም፣ የሚጠየቀው መሪ የያዘው ነው፤ መኪናው የተዋሰ ነው ማለት አያድንም። ታርጋ ለሌለው ደግሞ ባለቤቱም ይጠየቃል፣ እያወቀ የነዳውም ይጠየቃል። መኪናዋ የምትለቀቀው ባለቤቷ መንጃ ፈቃዱን አሳድሶ፣ ራሱ ቀርቦ ሲያስመዘግባት ነው። አለዚያ በሐራጅ ትሸጣለች፤ ወይም ትፈርሳለች።

ጋሼ፣ ለዕረፍት መምጣት ካሰብክ ቆይተሃል። አሁን ብትመጣስ? ፈቃድህን ማሳደስ ላንተ ምንም አይደል።

ሌላም ነገር አለ። ፊደሎችህ አድገዋል። መጀመሪያ እንደ ሩዝ ነበሩ፤ አሁን እንደ ባቄላ ናቸው። መስመሩንም እየለቀቁ ወደ ዳር ይሄዳሉ።

ኤሊ


መጋቢት 4

ለውድ ጋሼ፣

መልስህ ዘገየ። ደግ ያሰማኝ።

ቃሌን በልቼ ስልክ ደወልኩ። ልጅህ አነሣችና ሥራ ላይ ነህ አለችኝ። በሌላ ቀን ደወልኩ፤ ተኝተሃል አለችኝ። ድምፅዋ መልካም ነው፤ ግን ሰው በር በትከሻው ደግፎ ሲናገር ይታወቃል።

መኪናዋን በየሳምንቱ ሄጄ አያታለሁ። ግቢው ሰፊ ነው፤ የተወሰዱት መኪኖች ሣር በቅሎባቸው እንደ ከብት ተኝተዋል። ዘበኛው ያውቀኛል። መስታወቷን በሆስፒታሉ ጨርቅ ወልውዬ እመለሳለሁ።

ጻፍልኝ፤ አንድ መስመርም ቢሆን።

ኤሊ


መጋቢት 19

ኤሊዬ፣

ደህና ነኝ።

መኪናዋን ተያት። ይሽጧት። ጥፋቱን ሁሉ በእኔ ስም አስጽፊው፤ የድልድዩንም ጭምር። ላኪው እኔ ነኝ። መምጣት አልችልም።

ጋሼ


ሚያዝያ 8

ለውድ ጋሼ፣

የላይኛው ይጠብቅህ።

ይህን ደብዳቤ በትልልቁ የጻፍኩት፣ በወፍራም ብዕር፣ ገጽ በገጽ ጥቂት መስመር ብቻ እያደረግኩ፣ ወረቀት ስለተረፈኝ ነው። ምክንያት አትጠይቀኝ። እኔም አልጠየቅኩህም።

መኪናዋን አልተዋትም። የድልድዩንም ጥፋት ላንተ አልሰጥም፤ ፍሬኑን የረገጠው የእኔ እግር ነው። ዛፎቹን ያየሁትም በገዛ ዓይኔ ነው፣ ደስ ብሎኝም ነው ያየኋቸው። ዕድሜ ልኬን ነጭ ነገር ሳጥፍ ኖሬ፣ ነጭ እንዲህ ብዙ ዓይነት መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ይህን ያገኘሁት አውሰኸኝ ነውና ቅጣቱን ወስደህ ደስታውን ለእኔ ብቻ ልትተውልኝ አትችልም።

ካልመጣህ ሌላ መንገድ ይኖራል። ንገረኝና እፈልጋለሁ።

ኤሊ


ግንቦት 2

ለኤሊዬ፣

እጅሽን ይባርከው። ከብዙ ወራት በኋላ ያለ ሰው እርዳታ ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። ልጄ ልታነብልኝ ብድግ ስትል "ተይው፣ ይህ ለእኔ ነው የተጻፈው" አልኳት። ጠረጴዛው ላይ ገጾቹን ዘርግቼ እየዞርኩ አነበብኩት።

እንግዲህ ልንገርሽ። ዓይኔ መሃሉ ጠፋ። ዳር ዳሩ አለ። ሰው ፊት ለፊት ሳየው ፊቱ ላይ ደመና ይቀመጣል፤ ጆሮውና ትከሻው ግን ይታየኛል። አውቶቡስ ስነዳ አንድ ቀን የትራፊክ መብራቱን ቀና ብዬ ሳይ የለም። ምሰሶው አለ፤ መብራቱ የለም። ዓይኔን ወደ ሱቁ ሳዞር በጥግ በኩል ቀይ ሆኖ መጣ። ዳር ይዤ አቆምኩና ተሳፋሪውን ይቅርታ ጠይቄ አወረድኩ፤ ቁልፉን ራሴ ወስጄ ለአለቃዬ ሰጠሁት። ማንም አልተነካም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ሐኪሞቹ ባለበት እናቆየዋለን አሉ፤ የሄደው ግን አይመለስም።

አልነገርኩሽም፤ ሹፌር ዓይኑ ሲሄድ ስሙ አብሮ የሚሄድ መስሎኝ ነው። ፈቃድህን አሳድስ ስትዪኝ ምን ልበልሽ? መኪናዋን ከጓሮ ያላስወጣኋት፣ ለማንም ያልሸጥኳት፣ አንድ ቀን መጥቼ እነዳታለሁ ብዬ ነበር። ሸራው ሥር እስካለች ድረስ ያ ቀን አለ። አንቺ ሞተሯን ላስነሣ ስትዪኝ ልከለክልሽ ብዕር አንሥቼ ነበር። እጄ "አስነሺያት" ብሎ ጻፈ።

ጭጋግሽን ስታነብልኝ ልጄን "ድገሚልኝ" እላት ነበር። ለሁሉም ሰው ነጭ የሆነበት ቀን መኖሩ አጽናናኝ።

ከዚህ ጋር ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ መኪናዋን ላንቺ የሰጠሁበት ነው፤ እዚህ ያለው ኤምባሲያችን ፊት ፈርሜዋለሁ፤ ልጄ ጣቴን መስመሩ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሁለተኛው ለዳኛው ነው፤ ለታርጋው ጥፋት ተጠያቂው እኔ መሆኔን ይናገራል። ይህንን አትከራከሪኝ። ሹፌርነቴ ከሄደ ባለቤትነቴ ለአንድ ቀን እንኳ ይቆይልኝ።

ጋሼ


ሰኔ 1

ለውድ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከየትኛውም ጥግ ይታይህ።

ደብዳቤህን ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው ያነበብኩት። እንፋሎት ስለነበር ማን እንዳለቀሰ አልታወቀም።

ችሎቱ ትንሽ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ። ትራፊኳም መጥታለች፤ ሰላም አለችኝ። ዳኛው በዕድሜ የገፉ ናቸው። የዝግታውን ክስ ሲያነቡ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ዝግታው የእኔ ነው፤ ድልድዩም የእኔ ነው አልኳቸው። ታርጋውም የእኔ ነው፤ እንደሌላት እያወቅኩ ነድቻለሁ አልኩ። ከዚያ ያንተን ወረቀት አቀረብኩ። ሲያነቡት ቆዩ።

"እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ሰው ጥፋት ሲገፋ ነው የማየው" አሉ። "ሲሻማ አላየሁም።"

ለመንገዱ ጥፋት እኔ፣ ለታርጋው እኔና አንተ እኩል እንድንጠየቅ ወሰኑ። ተካፈልነው ጋሼ፤ ቅር እንዳይልህ። ልወጣ ስል ዛፎቹ የት እንደሆኑ ጠየቁኝ። ድልድዩን ነገርኳቸው፤ ከማዶ አቁመው በእግራቸው ይመለሱ ብዬ አስጠነቀቅኳቸው።

መኪናዋ ተመረመረች፤ መርማሪው ብየዳህን በእጁ እየዳሰሰ የማን እጅ ነው ብሎ ጠየቀኝ። በእኔ ስም ተመዘገበች። ታርጋዋን ራሴ አጠበቅኩት፣ መካኒኩ ብሎን እያቀበለኝ።

አሁን ጥያቄዬ ሌላ ነው። ና። ንዳ አልልህም፤ ተቀመጥ እልሃለሁ። በግራም በቀኝም መስኮት አለ፤ ዳሩን ማየት የሚከለክልህ የለም።

ኤሊ


ሰኔ 26

ለኤሊዬ፣

ቸር ወሬሽ ደረሰኝ፤ በትልልቁ፣ ገጽ በገጽ፣ እየዞርኩ አነበብኩት። ያካፈሉን ዳኛ ዕድሜ ይስጣቸው። የድርሻውን ቅጣት ሲከፍል እንዲህ ደስ ያለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ለአለቃዬ ነግሬያለሁ። ጃንጥላዎቹን የሚጠብቅ ሰው ተገኝቷል። ልጄ እስከ አውሮፕላኑ በር ታደርሰኛለች፤ ከዚያ ወዲህ ያንቺ ነኝ። መንገድ ስንወጣ መሃሉን አንቺ ትይዢያለሽ፤ ዳር ዳሩን፣ ዛፉንም፣ ውሃውንም፣ በአጥር ላይ የተሰጣውንም ልብስ እኔ እነግርሻለሁ። የፈለግሽውን ያህል ዝግ በዪ።

አንድ ነገር ብቻ። ከበሩ ስወጣ አትጥሪኝ፤ እጄንም አትያዢኝ። መኪናዋን ከሌሎቹ ጋር ደርድረሽ አቁሚያትና ራቅ ብለሽ ቁሚ። ቁጥሩን ጻፊልኝ። በመኪኖቹ ፊት እያለፍኩ ታርጋቸውን በጣቴ እዳስሳለሁ፤ ያንቺ ጋ ስደርስ አነባታለሁ።

ጋሼ